አከራይና ተከራይ

«አከራየ» እና «ተከራየ» ከአንድ ሥር የተገኙ ግሦች ናቸው። የሚለያቸውም «አ» እና «ተ» የተባሉት ባዕድ መነሻዎች ብቻ ናቸው። በኑሮ ግን የሁለቱ ርቀት የሰፋ ነው፤ አንዱ የቤቱ ባለቤት ሲሆን፣ ሌላው «ልቀቅ» በተባለ ጊዜ ዕቃውን ጭኖ የሚወጣ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የኪራይን ዋጋ ለተዋዋዮቹ ስምምነት የሚተው ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከዚህ ፈጽሞ የተለየ መንገድ ያዘ፤ የግለሰቦችን ትርፍ ቤቶች የመንግሥት አድርጎ ቤት ማከራየትን ከለከላቸው። የቀበሌ ቤት ኪራይ ረከሰ፤ ነገር ግን ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ ለእድሳት የማይበቃ በመሆኑ ብዙዎቹ ቤቶች ጣራቸው እየዛገ፣ ግድግዳቸው እየተሰነጠቀ ሄደ። ከዓመታት በኋላ የግል ኪራይ ሲፈቀድም ዋጋው ተመልሶ በገበያው ፈቃድ ላይ ወደቀ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመካከለኛውን መንገድ የመረጠ ነው። ቤቱ የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል፤ ኪራዩን ግን ባሻው ጊዜ ሊጨምር አይችልም። ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ከሚያስታውቀው መጠን ሳያልፍ ነው። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዋጋን መወሰን ብቻውን ተከራዩን አይጠብቀውም። ጭማሪው ተከልክሎ ሳለ አከራዩ ተከራዩን በፈለገበት ቀን ማስወጣት ቢችል ምን ይሆናል? «ልጄ ሊያገባ ስለ ሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ይልና ያስለቅቃል፤ በሳምንቱ ደላላው ሌላ ሰው በእጥፍ ዋጋ ያመጣለታል። ስለዚህ አዋጁ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደነገገ። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ አዘዘ፤ በቃል የተባለውንማ ማን አስታውሶ ይመሰክራል?

ተከራይም ግዴታ አለበት። ኪራዩን በወቅቱ ካልከፈለ የሁለቱ ዓመት ዘመን አያድነውም።

አዋጅ ቤት አይሠራም፤ ፈላጊው በዝቶ ቤቱ ባነሰበት ከተማ የአከራዩ ኃይል በአንድ ቀን አይጠፋም። ያለ አግባብ ጭማሪ የተጠየቀ ተከራይ ውሉን ይዞ ወደ ተቆጣጣሪው አካል ሄዶ ማመልከት ይችላል። ነገር ግን አመልክቶ ማታ የሚመለሰው ወደዚያው ግቢ ነው፤ በሩን የሚከፍትለት አከራዩ ነው፤ ውሃውም መብራቱም የሚቆጥረው በአከራዩ ቆጣሪ ነው።