የተበሳ የጎማ ጀልባ እንዴት ይለጠፋል?

 

ዛሬ የምናወራው በአየር ስለሚነፋ ጀልባ ነው። «እኛ ጀልባ ከየት አምጥተን!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የጎማ ጀልባ ያለው ሰው ጥቂት ነው። የመኪና ከመነዳሪ ግን በመቱም፣ በጎሬም፣ በበደሌም ይገኛል። ከመነዳሪ ተነፍቶ ውሃ ላይ ሲጣል ይንሳፈፋል። የጎማ ጀልባም የሚንሳፈፈው በዚሁ ዘዴ ነው። ሲበሱም አጠጋገናቸው ተመሳሳይ ነው። ብስክሌት ያለውም ቢሆን ያዳምጥ፣ ይጠቅመዋል።

የኢሉባቦር አገር የወንዝ አገር ነው። ሶር ገባ ከሚባለው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ገባና ብርብር ሲገናኙ ደግሞ ባሮ ይባላሉ። ባሮ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል። እዚያ ሰዎች ግንድ ቦርቡረው በሠሩት ታንኳ ይሻገራሉ። ግንድ መርፌ አይበሳውም። የጎማ ጀልባ ግን አየሩ ከወጣ ባዶ ስልቻ ነው።

ቢሆንም የጎማ ጀልባ ቀላል ነው አትበሉ። በ1960 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከእንግሊዝ አገር የመጡ ወታደሮችና አጥኚዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በአባይ ሸለቆ ወርደዋል። ከያዟቸው ጀልባዎች መካከል በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ነበሩባቸው። ድንጋይ የበዛበት ውሃ ላይ ጎማ ይለመጥና ያልፋል። ያም ሆኖ ከተጓዦቹ አንዱ በዚያ ጉዞ ውሃ ወስዶት ሞቷል።

እንግዲህ ወደ ጥገናው እንምጣ። አደጋው የሚጀምረው ወንዝ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። በኛ አገር ክረምቱ ረጅም ነው። ሰው ዝናቡን ሸሽቶ ሥራውን ይዞ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል። እኔም አንድ ቀን እንዲሁ አደረግሁ። ከመነዳሪውን ልጠርግ ቤንዚን በጣሳ ይዤ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ከሰል አያይዛለች። ከከሰሉ ሦስት እርምጃ ያህል ርቄ ተቀመጥኩ። የራቅሁ መስሎኝ ነበር። ድንገት እሳት መሬት ለመሬት መጥቶ ጣሳውን ያዘው። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታይ ነበር። እሷን አፈፍ አድርጌ ወጣሁ። ባለቤቴ እርጥብ ጆንያ ጥላበት አጠፋችው። እኔን ቅንድቤን ብቻ ለበለበኝ።

ይህ ለምን ሆነ? የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም። እንደ ውሃ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ዓይን ግን አያየውም። እሳት ካገኘ እሳቱን ይዞ ወደ ጣሳው ይመለሳል። ማስቲሽም፣ ማለት የጎማ ማጣበቂያው፣ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ምድጃ፣ ኩራዝ፣ ሻማ፣ ሲጋራ ባለበት ቤት ማስቲሽ አይከፈትም። ውጭ ሥሩ። ዝናብ ካለ በረንዳ ወይም ግድግዳ የሌለው ዳስ ይሻላል። እሱም ከሌለ ሥራው ይደር። ምናልባት ቤንዚን ቢቀጣጠል ውሃ አትድፉበት። ቤንዚኑ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያዛምተዋል።

ቀዳዳውን ለማግኘት ጎማውን ጥቂት ንፉና የሳሙና አረፋ ቀቡት። አየር የሚወጣበት ቦታ ይኩረፈረፋል። ምልክት አድርጉበት። አየሩን ጨርሳችሁ አስወጡ፣ አድርቁት። እርጥብ ጎማ ማስቲሽ አይዝም። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። ልጥፉ ቀዳዳውን በየአቅጣጫው ሁለት ጣት ያህል ይለፍ። ጥጉን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሹል ጥግ ቶሎ ይነሳል።

ማስቲሹን በሁለቱም ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከዚያስ? ጠብቁ! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ትኩስ በትኩሱ ይለጥፋል። ማስቲሹ በጣት ሲነካ ክር የማይስብ ሲሆን ነው መለጠፍ ያለበት። እርጥበት ባለበት ቀን ይህ ይዘገያል። ከለጠፋችሁ በኋላ ከመሃል ወደ ዳር በጠርሙስ ዳምጡት። እስከ ማግስቱ አትንኩት።

ከፕላስቲክ የተሠራ ጀልባን የከመነዳሪ ማስቲሽ አይዘውም። የራሱ ማጣበቂያ አለው። አየር ማስገቢያው ሥር ወይም ስፌቱ ላይ የተቀደደውን ለባለሙያ ስጡት፤ ቤት ውስጥ የሚሆን አይደለም።

በማግስቱ ንፉትና እንደገና ሳሙና ቀቡት። አንድ ሌሊትም ተነፍቶ ይደር። ሌሊት ብርድ ስለሆነ ትንሽ ቢለሰልስ አትደንግጡ። በጣም ከጎደለ ግን ልጥፉ አልያዘም። ከመነዳሪ ከውጭው ጎማ ሳይገባ በመኪና መንፊያ ከተወጠረ ይፈነዳል፤ በእጅ ፖምፓ ይበቃዋል። ፀሐይ ላይም ተወጥሮ አይቀመጥ፤ አየሩ ሲሞቅ ይለጠጣል።

የተለጠፈውን መጀመሪያ ጉልበት በማያልፍ፣ በረጋ ውሃ ሞክሩት። የጎማ ጀልባ ብዙውን ጊዜ የአየር ክፍሉ ከአንድ በላይ ነው፤ አንዱ ቢበሳ ሌላው ይይዛል። ከመነዳሪ ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሶር ወይም ገባ ሲሞላ በከመነዳሪ የሚሻገር ሰው ሕይወቱን ለአንዲት ልጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ውሃው እስኪጎድል ይቆይ፣ ወይም በድልድይ ይዙር።

የቀረውን ማስቲሽ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ልጅ ከማይደርስበትና ከምድጃ ከራቀ ቦታ አስቀምጡ። ቆርቆሮው ላይ የእሳት ነበልባል ሥዕል ታገኛላችሁ። በሥሩ የተጻፈውንም ፊደል እየቆጠራችሁ አንብቡት።