የሰኞ ጋዜጣና የጨረታ ገጾቹ

በኩር ጋዜጣ ባሕር ዳር ላይ እየተዘጋጀ ሰኞ ሰኞ ይወጣል። መምህሩና ጡረተኛው ከፊት ገጽ ይጀምራሉ። የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴው፣ የሕንፃ ተቋራጩና ለትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራው አናጺ ግን ዜናውን አልፈው ማስታወቂያው ወዳለበት ገጽ ይገለብጣሉ። የትኛው ወረዳ ምን ሊገዛ እንደፈለገ፣ የጨረታ ሰነዱ በስንት ብር እንደሚሸጥ፣ ሳጥኑ መቼ እንደሚታሸግ የሚያውቁት ከዚያ ደቃቅ ፊደል ነው።

ከማስታወቂያዎቹ አንዱን ቀረብ ብሎ ማየት ጥሩ ነው። ከላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይሰፍራል፤ ቀጥሎ የሚገዛው ዕቃ በሎት ተከፍሎ ይመጣል፦ ሎት አንድ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ሎት ሁለት የፅዳት ዕቃ፣ ሎት ሦስት የመኪና ጎማ። ከዚያ ተጫራቹ የሚያሟላው ይዘረዘራል። የዘመኑ ግብር የተከፈለበት የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በሲፒኦ ወይም በባንክ ዋስትና አለዚያም በመሂ 1 ደረሰኝ በሚቆረጥለት ጥሬ ገንዘብ የሚቀርብ የጨረታ ማስከበሪያ። ዋጋው የሚሞላበት ወረቀት ስርዝ ድልዝ አይኑረው፤ ኦርጅናሉና ኮፒው ለየብቻ ይታሸግ፤ ጨረታው በ16ኛው ቀን ጠዋት ታሽጎ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈት። መዝጊያው ሁልጊዜ ያው ነው፦ መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በከፊልም ሆነ በሙሉ የመሰረዝ መብት አለው።

በዚህ ሁሉ መሀል ዋናው ቁም ነገር ቀኑ ነው። ተጫራቹ ሰነድ የሚገዛበት ጊዜ የሚቆጠረው ማስታወቂያው በጋዜጣ ከወጣበት ቀን አንሥቶ ነው። አንዴ ታትሞ በየከተማው የተበተነን ገጽ ማንም ኃላፊ ማታ ቢሮው ገብቶ ሊያስተካክለው አይችልም። ጨረታ ተጭበረበረ ብሎ አቤት የሚል ነጋዴ ያንን ገጽ አጥፎ ይዞ መቅረብ ይችላል።

ጋዜጣውም በበኩሉ በዚህ ገጽ ይኖራል።

በኩር የተመሠረተው በ1987 ዓ.ም. ነው፤ አሳታሚው ዛሬ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ይባላል። የደቡቡ ንጋት፣ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር ያለው አዲስ ልሳን፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. የመጀመሪያ እትሙን ያወጣው አንጋፋው አዲስ ዘመንም በዚህ ረገድ ከእሱ የራቁ አይደሉም። አዲስ አበባ ውስጥ የመሬት ሊዝ ጨረታ የሚከታተል ሰው አዲስ ልሳንን የሚገዛው ለርእሰ አንቀጹ ብሎ አይደለም። የግሎቹም ቢሆኑ ከዚህ ገበያ ድርሻ አላቸው፤ የረቡዕንና የእሑድን ሪፖርተር በእጁ የመዘነ ሰው ክብደቱ ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ይህን ገበያ በአብዛኛው የሠራው ሕግ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ግዥ አዋጅ ቁጥር 649 ግልጽ ጨረታ በጋዜጣ እንዲታወጅ አዘዘ። በመያዣ የያዙትን ንብረት ባንኮች ራሳቸው እንዲሸጡ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ የሐራጅ ማስታወቂያን ጎርፍ አስከተለ፤ የተበዳሪው ስም፣ የአስያዡ ስም፣ የካርታ ቁጥሩ፣ የቦታው ስፋት፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ በሠንጠረዥ ይወጣል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አድራሻው ለጠፋ ተከሳሽ መጥሪያ በጋዜጣ እንዲደርሰው በር ከፍቷል። የንግድ ምልክት የሚያስመዘግብ ሰው ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ያሳውቃል። አክሲዮን ማኅበር ባለአክሲዮኖቹን ለጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል። የቤት ካርታ የጠፋበት ሰው ምትክ ከማውጣቱ በፊት መጥፋቱን ያስነግራል። ሐዘን መግለጫው፣ የሙት ዓመት መታሰቢያውና የእንኳን ደስ ያለህ መልእክቱ ሲጨመሩበት ገጹ ይሞላል። የማስታወቂያ አዋጁ፣ ቁጥር 759/2004፣ ለማስታወቂያ ብቻ ከተቋቋመ ኅትመት በቀር በአንድ ጋዜጣ ውስጥ የማስታወቂያው ድርሻ ከመቶ 60 እንዳይበልጥ መወሰኑ ያለ ምክንያት አልነበረም።

የማስታወቂያው ዋጋ የሚወጣው በቦታ ነው። አሳታሚዎች ሙሉ ገጽ፣ ግማሽ ገጽ፣ ሩብ ገጽ ብለው ይሸጣሉ፤ ከዚያ ያነሰው በአምድና በሳንቲ ሜትር ይለካል። የአንድ አምድ አንድ ሳንቲ ሜትር ዋጋ 100 ብር ነው ቢባል፣ ሁለት አምድ ይዞ 15 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ማስታወቂያ 30 ጊዜ 100፣ ማለትም 3,000 ብር ይሆናል፤ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 3,450 ብር ይደርሳል። ቀለም ከተጨመረ ይወደዳል፤ የፊትና የጀርባ ገጽ ከሁሉም ይበልጣል። የጨረታ ማስታወቂያዎች ፊደል የደቀቀውና መስመሩ የተጣበቀው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ አስነጋሪው የሚከፍለው በቃል ብዛት ሳይሆን በያዘው ስፋት በመሆኑ የግዥ ኦፊሰሩ ሁሉንም መሥፈርት በአንድ መዳፍ ቦታ ሊያጭቅ ይሞክራል። መነጽር የሚያስፈልገው አንባቢ ነው የሚጎዳው።

ከዚህ ታሪፍ ጀርባ አንድ ትልቅ ችግር አለ። ደንበኛው አንድ ዓይነት ነው። የክልል ጋዜጣ ዋና አስነጋሪ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ መሥሪያ ቤት ዋጋ ተከራክሮ አይሄድም፣ ማስታወቂያው ገበያ አመጣለት ወይ ብሎም አይጠይቅም፤ ግዴታውን ተወጥቶ ደረሰኙን ፋይል ያደርጋል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ያለው የማስታወቂያ ክፍል ወደ ሱቅ ወርዶ ማስታወቂያ መሸጥ ሳይለምድ ዓመታት ያልፋሉ። የግል አሳታሚዎች በበኩላቸው የመንግሥት ማስታወቂያ ወደ መንግሥት ጋዜጦች ያደላል ሲሉ ኖረዋል። ሁለቱም ወገን ግን አንድ ሳህን ላይ ነበር የተቀመጠው፤ ጠቡም የድርሻው መጠን ላይ ነበር።

አሁን ሳህኑ ራሱ ሊነሣ ነው።

መጀመሪያ የሄደው የሥራ ማስታወቂያ ነበር። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ለጥቂት ሳንቲም፣ በኋላም ለጥቂት ብር እየተከራዩ የሚያነቡ ወጣቶች ለዓመታት ይታዩ ነበር፤ አብዛኛዎቹ የሚፈልጉት የክፍት የሥራ ቦታውን ገጽ ነበር። መመዘኛውን በእስክርቢቶ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፣ ጋዜጣውን ሳያበላሹ አጥፈው ይመልሳሉ። ኢትዮጆብስን የመሳሰሉ ድረ ገጾች፣ ቀጥሎም የቴሌግራም ቻናሎች ይህን አንባቢ ወሰዱት። ዛሬ ተመራቂው ማስታወቂያውን የሚያየው ሰልፍ ላይ ቆሞ በስልኩ ነው፤ ወጪውም የዳታ ብቻ ነው። በዚህ እሱ ተጠቅሟል፤ ማንም ሊነፍገው አይገባም።

የጨረታውም ገጽ ከውጭ መሸርሸር ጀምሮ ነበር። ቱመርካቶን የመሰሉ አገልግሎቶች ከየጋዜጣው ጨረታ እየለቀሙ፣ በዘርፍ በዘርፉ እየለዩ ለተመዝጋቢዎቻቸው ይልካሉ። ጋዜጣው የሸጠው ቦታ ነው፤ እነሱ የሸጡት ፍለጋን ማቅለል ነው። የአሥር ጋዜጣ ደቃቅ ፊደል ከማገላበጥ የራሱን ዘርፍ ብቻ በስልኩ ማግኘት ለተቋራጩ የቀን ሥራ ያተርፍለታል። አሳታሚዎቹ ይህን አገልግሎት ራሳቸው ቢጀምሩት ኖሮ ዛሬ ሌላ የገቢ በር ይኖራቸው ነበር፤ መረጃው ከማንም በፊት በእጃቸው የሚገባ ነበርና።

ከዚያ የኤሌክትሮኒክ ግዥ መጣ። በ2014 ዓ.ም. በጥቂት የፌዴራል ተቋማት ተጀምሮ ወደ ሌሎቹ እየሰፋ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333 ሥርዓቱን መሠረት አስይዞታል። ጨረታው ሲስተሙ ላይ ይጫናል፣ ሰነዱ ከዚያው ይወርዳል፣ ዋጋውም በዚያው ይገባል። ፖስታ ማሸግ ቀረ፤ ሰነድ ለመግዛት ከደሴ አዲስ አበባ መመላለስ ቀረ፤ ተጫራቾች ሳጥኑ አጠገብ ተገናኝተው የሚስማሙበት ዕድል ጠበበ። ይህን ለውጥ መቃወም አይቻልም፤ መቃወምም አይገባም። ጥያቄው ጋዜጣው ይዞት የነበረውን ሁለት አገልግሎት ማን ይተካዋል የሚለው ነው።

አንደኛው አገልግሎት ለሁሉ መድረስ ነው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ዘለቀ። ትግራይ ከዚያ በፊት በጦርነቱ ጊዜ የባሰውን ጨለማ አይታለች። ጨረታው በሙሉ ሲስተም ላይ ቢሆን ኖሮ በእነዚያ ወራት የወልድያ ነጋዴ ለወልድያ ሆስፒታል ዕቃ ለማቅረብ ምን ያደርግ ነበር? መንገድ ሲዘጋ ጋዜጣም አይደርስም፤ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን ጋዜጣ ከደረሰበት ቦታ ተለጥፎ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ይነበባል። አንድ መንገድ ብቻ ካለ በአንድ ትእዛዝ ይዘጋል።

ሁለተኛው የዘጋቢው ደመወዝ ነው። የጨረታው ገጽ ያስገባው ብር የወረዳ ምክር ቤት ጉባኤ ላይ የሚቀመጠውን፣ የደረቀ የመስኖ ቦይ ድረስ የሚሄደውን፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ተከፍሎበት ለምን እንዳልተመታ የሚጠይቀውን ሰው ሲደጉም ኖሯል። የመንግሥት ጋዜጣ ዘጋቢ ይህን ሁሉ በሚፈለገው ድፍረት ይጠይቃል ማለት አይደለም። ሆኖም ጋዜጣው ከታጠፈ በዚያ ወረዳ የሚጠይቅም የሚመዘግብም አይኖርም፤ የአዲስ አበባ ሚዲያ ዝግ መጋዘን ሊቆጥር ደብረ ታቦር ድረስ አይወርድም።

የሌላው አገር ልምድ እዚህ ላይ ይረዳል። አሜሪካ ውስጥ የጋዜጦች የማስታወቂያ ገቢ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ 49 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር፤ በ2020 ከ10 ቢሊዮን በታች ወረደ። መጀመሪያ የተናደው የቤት ኪራይ፣ የመኪና ሽያጭና የሥራ ቅጥር ትንንሽ ማስታወቂያዎች የሚወጡበት ክፍል ነበር፤ በ1995 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተጀመረው ክሬግስሊስት የተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት አብዛኛውን በነፃ ማውጣት ጀመረ። ከ2005 ወዲህ የአገሪቱ ጋዜጦች ከሦስት አንድ እጅ በላይ ጠፍተዋል። ጋዜጣ በተዘጋባቸው አካባቢዎች የከተማ አስተዳደሮች ሲበደሩ የሚከፍሉት ወለድ እንደሚጨምር የፋይናንስ ተመራማሪዎች በጥናት አሳይተዋል፤ የሚቆጣጠር ዓይን ሲጠፋ አበዳሪውም ይፈራል። የቀሩት የአካባቢ ጋዜጦች አንዱ ምሶሶ ሕጋዊ ማስታወቂያ ነበር። እሱንም ፍሎሪዳ በ2022 ባወጣችው ሕግ በጋዜጣ ከመውጣት ግዴታ ፈታ፣ ከጥር 2023 ጀምሮ አስተዳደሮች በካውንቲ ድረ ገጽ እንዲያወጡ ፈቀደች።

ጎረቤት ኬንያ ደግሞ ሌላውን አደጋ አሳይታለች። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ማስታወቂያውን በሙሉ በአንድ ኤጀንሲ በኩል ማሰራጨት ከጀመረ በኋላ የሚዲያ ድርጅቶች ያልተከፈለ ውዝፍ ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ በ2024 የመንግሥት የብሮድካስት ማስታወቂያ ለመንግሥታዊው ኬቢሲ ብቻ እንዲሰጥ መመሪያ ሲወጣም ከፍተኛ ተቃውሞ ገጠመው። አስነጋሪው አንድ ሲሆን የዜናው ድምፅ በማን እጅ እንደሚወድቅ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

እንግዲህ የክልል ጋዜጣ ምን ይሽጥ? መልሱ ከታሪፉ ይጀምራል። የባሕር ዳር ልብስ ሰፊ፣ የጎንደር ፋርማሲ፣ የደብረ ማርቆስ የንብ ቀፎ ሠሪ የሩብ ገጽ ዋጋ አይከፍሉም፤ ሁለት መስመር በትንሽ ብር፣ ለወር ሙሉ በአንድ ክፍያ ቢባሉ ግን ብዙዎቹ ይሞክሩታል። በቴሌብር የሚከፈል፣ በስልክ ተነግሮ የሚገባ፣ በጋዜጣውም በቴሌግራም ቻናሉም በአንድ ዋጋ የሚወጣ አማራጭ ማዘጋጀት ከባድ ወጪ የለውም። አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንን የመሰለ ተቋም ቴሌቪዥንም ሬዲዮም ጋዜጣም በአንድ ጣሪያ ሥር አለው፤ ለትንሹ ነጋዴ የሦስቱንም ቁራጭ በአንድ ጥቅል የመሸጥ ዕድል ከማንም የግል አሳታሚ ይልቅ ለእሱ ቅርብ ነው። የሚቀረው ነገር ከቢሮ ወጥቶ ገበያ ለገበያ የሚዞር ሠራተኛ መቅጠሩ ነው።

ከሕጉ በኩል ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ። ሙሉው ሰነድ ሲስተሙ ላይ ይሁን፤ ጋዜጣው ላይ ደግሞ በሚነበብ ፊደል አምስት መስመር ይውጣ፦ የገዥው መሥሪያ ቤት ስም፣ የሚገዛው ነገር፣ የጨረታው መለያ ቁጥር፣ የሚዘጋበት ቀን፣ አሸናፊው ሲታወቅ ደግሞ ስሙና ያሸነፈበት ዋጋ። ይህ የመጨረሻው ዛሬ ባለው ልማድ ብዙ ጊዜ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ ሕዝቡ ግን ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለበት እሱን ነው። ወጪው ከዛሬው የአንድ መዳፍ ማስታወቂያ ያንሳል፣ ብዛቱ ግን ጋዜጣውን ያቆየዋል። ክፍፍሉ በሥርጭት መጠንና በአካባቢ ከተሠራ የግል ጋዜጦችም ከድርሻው አይወጡም። ክልሎች የግዥ ሕጋቸውን ከአዋጅ 1333/2016 ጋር ሲያጣጥሙ ይህ አንድ አንቀጽ አብሮ ሊገባ ይችላል፤ ረቂቁ የሚያልፈው በክልሎቹ የገንዘብ ቢሮዎች እጅ ስለሆነ አሳታሚዎች፣ የንግድ ምክር ቤቶችና የተቋራጭ ማኅበራት ሐሳባቸውን ይዘው መሄድ ያለባቸው ወደዚያ ነው፤ አዋጁ ለምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት።