ለደጋ አየር የሚቀረጽ ክንፍ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። በጠረፍ አገር ለሚያበር ሰው የተነደፈ የሞዴል አውሮፕላን ክንፍ እዚህ ደጋ ላይ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 15 በመቶ ያህል መፍጠን፣ አለዚያም በሲሶ መስፋት አለበት። ከውጭ የመጣ ንድፍ እንዳለ ተገልብጦ የማይሠራው ለዚህ ነው። የደጋ ልጅ የራሱን ክንፍ መቅረጽ ቢያውቅ ይበጀዋል የምለውም ለዚሁ ነው። በጋለ ሽቦ ፎም መቁረጥ ደግሞ ከዘዴዎቹ ሁሉ በቀላሉ የሚገኝ ነው።

ፎሙ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ሲገዛ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጩ ነው። ስሙ ፖሊስታይሪን ይባላል፤ አብዛኛው አካሉ አየር ነው። ሽቦው ከኒኬልና ከክሮም የተቀላቀለ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ የሚያግለው ዓይነት ነው። ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሜትር ሽቦ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ሲገናኝ 1.4 አምፒር ያህል ይስባል፤ ለመቁረጥ ይበቃዋል። ከግድግዳው ሶኬት ጋር ግን በምንም ምክንያት አይገናኝም፤ ይገድላል።

ሽቦው የሚወጠረው ጥጥ እንደሚነደፍበት ባለ የእንጨት ደጋን ላይ ነው። ሲግል አንዱ ሜትር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ደጋኑ ስፕሪንግ ከሌለው ይረግባል።

ቀጥሎ ፎርማው ነው። የክንፉ የጎን ቅርጽ፣ ከፊት ደብለብ ብሎ ወደ ኋላ እየሳሳ የሚሄደው፣ ከኮምፔንሳቶ ሁለት ይቆረጣል፤ አንዱ ለክንፉ ሥር፣ አንዱ ለጫፉ። ጠርዛቸው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ በፎርማው ላይ የቀረች ጉድፍ ሁሉ በክንፉ ላይ ትታያለችና። ከዚያ በፎሙ ግራና ቀኝ በሚስማር ይያዛሉ።

መቁረጡ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ክንፉ ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ በሥሩ በኩል ያለው ሰው ረጅም፣ በጫፉ በኩል ያለው አጭር መንገድ ይሄዳሉ፤ ግን እኩል ተነሥተው እኩል መድረስ አለባቸው። ስለዚህ በሁለቱም ፎርማዎች ላይ ከ1 እስከ 10 ምልክት ይደረግና አንዱ «ሦስት… አራት…» እያለ ይቆጥራል፣ ሌላው በቁጥሩ ይሄዳል። ከቸኮሉ የሽቦው መሐል ወደ ኋላ ይቀርና ክንፉ ይጎብጣል። ከዘገዩ ፎሙ ከልክ በላይ ይቀልጣል፤ በጫፉ በኩል ሽቦው ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል። ልኩ ሲገኝ ሽቦው ሳይገፋ ከፊቱ እያቀለጠ ያልፋል፣ ከኋላው ቀጫጭን የፎም ክሮች ይሳባሉ። ጭስ ከታየ ግለቱ በዝቷል ማለት ነው። ሥራው ሁልጊዜ ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን። የፍራሽ ስፖንጅ ግን በጋለ ሽቦ አይቆረጥም፤ ፖሊዩሬቴን ስለሆነ ሲቃጠል ሳይናይድ ያለበት መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል።

ማጣበቂያው ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። ማስቲሽ ይህን ፎም ያሟሟዋል፤ ቤንዚንም እንዲሁ። የአናጢ ነጭ ኮላ አይጎዳውም። ለጀርባ አጥንቱ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በክንፉ ርዝመት ይቀበራል፣ ላዩ በቀጠነ ኮላ በተነከረ ካኪ ወረቀት ይሸፈናል። ዘዴው የመጫወቻ ብቻ እንዳይመስል፦ አሜሪካዊው በርት ሩታን በ1975 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረውን ቫሪኢዝ፣ ሰው ጭኖ የሚበር አውሮፕላን፣ ክንፉን የሠራው በጋለ ሽቦ ከተቆረጠ ፎምና ከመስታወት ክር ነው።

ወደ ሞዴላችን ስንመለስ፣ ሞተሩ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ደጋው አያደክመውም፤ ኦክስጅን የሚያጥረው ነዳጅ የሚያቃጥለው ነው። የሚቸገረው ውልብልቢቱ ነው፣ የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ፤ ከንድፉ ትንሽ ተለቅ ያለ ይመረጥለት። አየሩ በሙቀት ይበልጥ ስለሚሳሳም የመጀመሪያው በረራ ከሰዓት በኋላ ሳይሆን በማለዳ ቢሆን ይሻላል።