ስሙ የጠፋው ቡናችን

ከሸቤ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን ላይ የቡና ችግኝ የተከልነው በሰኔ ዝናብ ነበር። ሻጩ ከፊሉ ድቅል፣ ከፊሉ መደበኛ ዝርያ መሆኑን ነግሮን በየመደቡ ላይ የተሰካውን ካርቶን አሳየን። ባለቤቴ «ስማቸውን በደብተር እንጻፈው» ብትለኝ፣ «እኔ አውቃቸዋለሁ» አልኳት። ችግኙ ሲጫን ተቀላቀለ፤ አብሮ የመጣውን ካርቶንም ዝናብ አጠበው።

ዓመታት አልፈው ቡናው ሲያፈራ፣ በአንዱ ጥግ ያሉት ዛፎች ቅርንጫፋቸው እስኪጎብጥ ያዙ። በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አንድ አባት ይህን አይተው፣ «አባቡና ነው አይደል? ዘር ሽጡልኝ» አሉን። «አዎ» ልል አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እኛው እንወቀው» አለቻቸው።

ስሞቹ ከየት መጡ?

እ.ኤ.አ. በ1971 አረንጓዴውን የቡና ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፈው በሽታ፣ በተለምዶ ሲቢዲ የምንለው፣ በአገራችን ታየ። ከጅማ ከተማ አቅራቢያ በመልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልም በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከየአካባቢው ይመርጥ ጀመር። 74110 እና 74112 የሚባሉት ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ 74 የሚለው ዛፉ የተመረጠበትን 1974ን ያመለክታል። ድቅሎቹ የመጡት ዘግይተው ነው፤ አባቡናና መልኮ ሲኤች 2 በ1998፣ ጋዌ ደግሞ በ2002 ተለቀቁ።

የአረቢካ ቡና አበባ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ ድቅል ዘር ለማግኘት እንቡጡ ሳይፈነዳ በእጅ ተከፍቶ ወንዴው ክፍል ይነቀላል፤ ከዚያም ከተመረጠው ሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት ይመጣለታል። ዘሩ እንደ ልብ የማይገኘውም ሥራው ይህን ያህል አድካሚ በመሆኑ ነው።

ዓይን የሚለየውና የማይለየው

መጀመሪያ ያየነው የዛፉን አቋም ነው። እንደ 74110 እና 74112 ያሉት እጥር ምጥን ብለው ቅርንጫፋቸውን ይሰበስባሉ፤ ሌሎች ዝርያዎች ደግሞ ሰፋ ብለው ይዘረጋሉ። ነገር ግን ጥላ የበዛበት ቡና ብርሃን ፍለጋ ስለሚረዝም፣ በአንድ ዕድሜና በአንድ ዓይነት ጥላ ሥር ያሉትን ብቻ ማወዳደር ይገባል።

ቀጥሎ ቀምበጡን አየን። ገና የወጣው ቅጠል አንዳንዱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ የነሐስ መልክ ያለው ነው። ቅጠሉ ሲጎለምስ ልዩነቱ ስለሚጠፋ መታየት ያለበት ጫፉ ነው።

ሦስተኛው መመሳሰላቸው ነው። ከሁለት ንጹሕ ወላጆች የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ ድቅል እንደ ወንድማማች ሳይሆን እንደ መንታ ይመሳሰላል። የእኛ ባለ ብዙ ፍሬ ዛፎች ግን ግማሾቹ ነሐስማ፣ ግማሾቹ አረንጓዴ ጫፍ ነበራቸው፤ አቋማቸውም የተለያየ ነበር። ወይ ተቀላቅለዋል፣ ወይ ከድቅል ዛፍ ሥር ከተለቀመ ዘር የበቀሉ ናቸው።

በዚህ መንገድ «ይህ አይደለም» ማለት ይቻላል፤ «ይህ እገሌ ነው» ማለት ግን አይቻልም። ለዚያ የታወቀ ዛፍ ናሙና እና የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋል።

ቢሆንስ ኖሮ?

ዛፎቹ በእርግጥ አባቡና ቢሆኑ እንኳ ዘራቸውን በዚያ ስም መሸጥ አይገባንም ነበር። የድቅል ዘር ሲዘራ የወላጆቹ ጠባይ ይበታተናል፤ አንዱ ብዙ ያፈራል፣ ሌላው ያንሳል፣ በሽታ የሚያጠቃውም ሊኖር ይችላል። ገዢው ይህን የሚያውቀው ደግሞ ተክሎ፣ አርሞ፣ ሦስትና አራት ዓመት ጠብቆ ነው። ዛፍን በፍሬው ስለ መለየት ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ የሰው ጉልበትና ዓመታት በእኛ ግምት ላይ እንዳይባክኑ መጠንቀቅም የዚያው ትምህርት ክፍል ነው።

ለእኚያ አባት እውነቱን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያው ምንጩ ከተጻፈበት ቦታ እገዛለሁ» አሉን። ገንዘቡ ቀረብን፤ ፊታቸውን ግን ሳናፍር እናያለን።

ዛሬ አዲስ ችግኝ ስንተክል ባለቤቴ የዝርያውን ስም፣ የተገዛበትን ቦታና ቀን፣ ከጥላው ዛፍ ጀምሮ የረድፉን ቁጥር በደብተር ትጽፋለች። እኔም ስሙን በቆርቆሮ ላይ በምስማር እየወጋሁ በረድፉ ራስ ላይ እተክላለሁ። ቆርቆሮውን ዝናብ አያጥበውም። ቢጠፋ እንኳ ደብተሩ አለ፤ «እኔ አውቃቸዋለሁ» ማለቱንም ትቻለሁ።