«የሚያዋራኝ ነበር የፈለግሁት»

ባለፈው ክረምት ዘመዴን ላሳክም አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄጄ፣ ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። አጠገቤ ነጠላዋን እስከ አገጯ የተከናነበች ሴት የመድኃኒት ከረጢቷን ታገላብጣለች። ልጅ ሞቶባታል። «ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ አልተቆጣኝም» አለችኝ። «እኔ ግን የሚያዋራኝ ነበር የፈለግሁት። እንቅልፍ እምቢ አለኝ ስለው ጻፈልኝ። የልጄን ስም እንኳ ሳልነግረው ወጣሁ።»

ያቺ ሴት እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣችም። የሚያዋራትን ያጣችው ለምን ይሆን?

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ስሙም በሰፈር አፍ የሕመም ስም ሆነ፤ «አማኑኤል ገባ» ከተባለ ማንም ሌላ አይጠይቅም። የሳይካትሪ ስፔሻሊስት እዚሁ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። ከዚያ በፊት ባሕር መሻገር ግድ ነበር። የሕክምናውን ሸክም የተሸከሙት የሳይካትሪ ነርሶች ናቸው፤ ዛሬም በብዙ ቦታ እነሱው ናቸው። ቡታጅራ ላይ ተመራማሪዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለዓመታት ተከታትለዋል። እዚያው አቅራቢያ ሶዶ ወረዳ ደግሞ ሕክምናው በጤና ጣቢያ፣ በነርስና በጤና መኮንን እጅ ሊሰጥ እንደሚችል በተግባር ታይቷል።

የንግግር ሕክምናም ቢሆን የግድ ስፔሻሊስት አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት «ፒ ኤም ፕላስ» ያለው ዘዴ፣ የሠለጠነ ተራ ሰው በሳምንት አንዴ፣ ለ5 ሳምንት የተጨነቀን ሰው የሚረዳበት ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? አንዲት ነርስ ነገረችኝ፦ «ጠዋት ስገባ ካርዱ ተቆልሎ ይጠብቀኛል። አንዷ ማልቀስ ስትጀምር ዓይኔ በሩ ላይ ነው። በሩም አይዘጋም፤ ክፍሉ የሦስታችን ነው። ‹አይዞሽ እናቴ› ብዬ ቀጣዩን እጠራለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ የሚታየኝ ያ ያቋረጥሁት ለቅሶ ነው።»

ለነርሶቹ በሩ የሚዘጋ ክፍል ለምን እንደማይሰጣቸው አንድ ኃላፊ ጠየቅሁ። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ኋላም «በደብዳቤ ይቅረብ» አሉኝ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ አልመጣም።

አቅም ያለው ከፍሎ የግል ክሊኒክ ይሄዳል። ለሌላው የቀረለት ጸበል፣ የነፍስ አባት፣ ወይም ዝምታ ነው።

የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ሆይ፣ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል ለዩ። በሳምንት አንድ ከሰዓት እንኳ ነርሷን ከካርዱ ክምር አሳርፏትና ሰው ታዳምጥበት።