አድራሻውን ከቀኝ ያንብቡ

ኢንተርኔትና ድር አንድ አይደሉም። ኢንተርኔት ኮምፒውተሮችን ሁሉ እርስ በርስ የሚያገናኘው መረብ ነው፤ የባሕር ሥር ኬብሉም፣ ፋይበሩም፣ የሞባይል ማማውም የእሱ አካል ናቸው። ድር በዚህ መረብ ላይ ከሚሠሩት አገልግሎቶች አንዱ ነው፤ ኢሜይልና ቴሌግራምም በዚያው መረብ ይመላለሳሉ። መረቡ ዛሬ የሚሠራበትን የጋራ ደንብ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። የድርን ሐሳብ ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ጄኔቭ አጠገብ ባለው በሰርን የምርምር ማዕከል አቀረበ፤ ማዕከሉም በ1993 ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ለመግቢያ ይህ ይበቃል።

ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው፦ በብሮውዘሩ አናት ላይ የምትታየውን አንዲት መስመር፣ አድራሻዋን። በድር ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ እንደ እሷ የተናቀ የለም። ብዙ ሰው የባንኩን ስም ጎግል ላይ ይጽፍና መጀመሪያ የመጣለትን ይጫናል፤ የመጀመሪያው ውጤት ግን ገንዘብ የተከፈለበት ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ሌላው ከቴሌግራም ግሩፕ የተላከለትን ሊንክ ሳያይ ይከፍታል። የት እንደገባ የሚነግረው መስመር ከዓይኑ ፊት ተቀምጦ፣ እሱ ሎጎውንና ቀለሙን ያያል። ሎጎ ማንም ሊቀዳው ይችላል፤ አድራሻ ግን አይቀዳም።

ኮምፒውተሮች የሚተዋወቁት በቁጥር ነው። አይፒ አድራሻ የሚባለው ይህ ነው። ለሰው ግን ቁጥር መያዝ ስለሚከብድ ስም ወጣለት። በመጀመሪያ የኮምፒውተሮቹ ስምና ቁጥር ሁሉ በአንድ ፋይል ላይ ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። ፋይሉን ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኤልዛቤት ፋይንለር የምትመራው ቡድን ይይዘው ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ያስገባ ሰው ለእነሱ ያሳውቃል፣ እነሱ ይመዘግባሉ፣ ሌሎቹ ፋይሉን እየወሰዱ ይገለብጣሉ። ኮምፒውተሮቹ ሲበዙ ይህ አሠራር አላዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ መፍትሔውን አመጣ፤ ስሙን በአንድ ቦታ ከማከማቸት ይልቅ ኃላፊነቱን ማከፋፈል። ዲኤንኤስ የሚባለው ሥርዓት ይህ ነው፤ እስከ ዛሬም ዓለም የሚሠራው በእሱ ነው።

የሥርዓቱን ውበት ለመረዳት እኛ ከብዙ ሕዝብ ይቀለናል፤ ስማችን የተሠራው በዚያው መንገድ ነውና። በመጀመሪያ የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን አድራሻ እንመልከት፦ ኤኤዩ ዶት ኢዱ ዶት ኢቲ። ኤኤዩ የራሱ ስም ነው፤ ኢዱ አባቱ፣ ኢቲ ደግሞ አያቱ። ኢቲ ለኢትዮጵያ የተሰጠው የአገር መለያ ነው። ሥልጣኑ የሚወርደው ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ነው። ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢዱን ይሰይማል፤ በኢዱ ሥር ኤኤዩ ይመዘገባል፤ ኤኤዩ ደግሞ ለቤተ መጻሕፍቱም ለሬጅስትራሩም ከፊቱ ስም ቢያወጣ ማንንም አያስፈቅድም። አባት ለልጁ የፈለገውን ስም ያወጣል፤ ከልካይ የለውም።

ስልክዎ ይህን ስም እንዴት ወደ ቁጥር እንደሚለውጠው ደግሞ እንይ። ስሙን ሲጽፉ ስልኩ የኔትወርክ አቅራቢዎን ሰርቨር ይጠይቃል። ያ ሰርቨር መልሱን ከቅርብ ጊዜ ጥያቄ ይዞት ከሆነ ወዲያው ይሰጣል። ካልያዘው ከአያትም በላይ ወዳሉት፣ የሥር ሰርቨር ወደሚባሉት ይሄዳል። እነሱ ዩኒቨርሲቲውን አያውቁትም፤ የሚያውቁት ኢቲን የያዙት ሰርቨሮች የት እንዳሉ ብቻ ነው። ወደ ኢቲ ይልኩታል፤ ኢቲ ስለ ኢዱ ይነግረዋል፤ እንዲህ እየወረደ በመጨረሻ ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ቁጥሩን ይቀበላል። ይህ ሁሉ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። እያንዳንዱ የሚያውቀው ከሥሩ ያለውን ብቻ ነው፤ ሁሉንም የሚያውቅ አንድም የለም። እንዲህም ሆኖ ከአራት ዐሥርት ዓመታት በላይ ዓለምን አገልግሏል። የሰው ልጅ ከሠራቸው ሥርዓቶች መካከል ከዚህ የበለጠ የማደንቀው ጥቂት ነው።

የሥር ሰርቨሮቹ 13 ስም አላቸው፤ ከኤ እስከ ኤም በፊደል ይጠራሉ። 13 የሆኑበትም ምክንያት አለው፤ በጥንቱ ደንብ የአንድ መልስ መጠን ከ512 ባይት ማለፍ ስለማይችል፣ ዝርዝራቸው በአንድ መልስ ውስጥ መግባት ነበረበት። «ኢንተርኔት በ13 ማሽን ላይ ነው የቆመው» የሚባለው ግን ስሕተት ነው። ስሙ 13 ይሁን እንጂ የእያንዳንዱ ግልባጭ በተለያዩ አገሮች ተተክሏል፤ በድምሩ ከሺህ ይበልጣሉ።

የስሙን ዋጋ ለማወቅ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሰኞ ማታ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፉ። አንድም ፎቶ አልተሰረዘም። ኩባንያው ለጥገና የሰጠው አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የመረጃ ማዕከሎቹን ከመረቡ ነጠላቸው፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጡት የራሱ ሰርቨሮችም አብረው ተሰወሩ። «ፌስቡክ የት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ጠፋ።

አሁን ወደምጨነቅበት ጉዳይ ልምጣ። አንድ ቀን አክስቴ ስልኳን አቀበለችኝ። «ልጄ፣ ባንኩ ሽልማት ደርሶሻል ይላል፤ እስቲ እየው» አለችኝ። ሎጎው ልክ ነው፣ ቀለሙ ልክ ነው፣ አማርኛውም ንጹሕ ነው። የሚስጥር ቁጥርሽን ጻፊ ይላታል። አጠገባችን የነበረው ልጇ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ጎልማሳ፣ «ቁልፉን አታየውም እንዴ? ሴኪዩር ነው» አለኝ። አድራሻው የሚጀምረው በእርግጥ በባንኩ ስም ነበር። ከዚያ ነጥብ ይመጣል፣ ከነጥቡ በኋላ ባንኩ የማያውቀው አንድ ስም፣ መጨረሻው ላይ ኤክስዋይዜድ። አባቱ ሌላ ነው። ልጁ የባንኩን ስም ስለያዘ የባንኩ ልጅ አይሆንም። ማንም ሰው በጥቂት ዶላር አንድ ስም ገዝቶ፣ ከፊቱ ደስ ያለውን ባንክ ስም ሊለጥፍበት ይችላል።

ስለ ቁልፉም ላስረዳ፤ የተማረውንም ያልተማረውንም የሚያሳስተው እሱ ነውና። የቁልፉ ምልክት የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በእርስዎና በዚያ አድራሻ መካከል የሚተላለፈውን መሐል ላይ ሆኖ የሚያነብ የለም። ከወዲያኛው ጫፍ የተቀመጠው ሰው ሐቀኛ ስለመሆኑ ምንም አይልም። ቁልፉን የሚያስገኘውን ምስክር ወረቀት ዛሬ ማንም በነፃ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያወጣል፤ ሌባውም ያወጣል። ሰዉ ይህን በተሳሳተ መንገድ እየተረዳ ስላስቸገረ፣ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2023 የቁልፉን ምስል ከክሮም አድራሻ መስመር አንሥቶ በሌላ ምልክት ተካው።

እንግዲህ አነባበቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ተከታታይ ስላሾች ይለፉ። (በርነርስ ሊ ራሱ ኋላ ላይ አያስፈልጉም ነበር ብሏል።) ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጣውን የመጀመሪያ ነጠላ ስላሽ ይፈልጉና እዚያ ላይ ይቁሙ። ከስላሹ በስተቀኝ ያለውን ይተዉት፤ እዚያ የባንክዎ ስም ዐሥር ጊዜ ቢጻፍ ዋጋ የለውም። አሁን ከቆሙበት ወደ ግራ ያንብቡ። መጨረሻው ኮም ወይም ኦርግ ከሆነ ባለቤቱን የሚነግርዎ ከእሱ በፊት ያለው ስም ነው። መጨረሻው ኢቲ ሆኖ ከፊቱ ኮም፣ ኢዱ ወይም ጎቭ ካለ፣ ባለቤቱ ከቀኝ ሦስተኛው ስም ነው። ሰረዝ ነጥብን አይተካም፤ በባንኩ ስም ላይ በሰረዝ «ቦነስ» የተቀጠለበት አድራሻ ራሱን የቻለ ሌላ ስም ነው፣ ባለቤቱም ሌላ ሊሆን ይችላል። ፊደሎቹንም ልብ ይበሉ፤ የሩሲያኛው «አ» ከእንግሊዝኛው «ኤ» ጋር በመልክ አንድ ቢሆንም ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው፤ በዚህ የተሠሩ አሳሳች አድራሻዎች ታይተዋል። ስለዚህ ገንዘብ ባለበት ቦታ ሁሉ የተላከልዎትን ሊንክ አይጫኑ። ባንኩ በደብተርዎ ላይ ወይም በቅርንጫፉ የሰጠዎትን አድራሻ በእጅዎ ይጻፉ፣ ወይም የራሱን መተግበሪያ ይክፈቱ።

ልጆቻችንን ኮምፒውተር እናስተምራለን ስንል ጽሕፈትና ስላይድ እናስተምራቸዋለን፤ አድራሻ ማንበብን ግን አናስተምርም። ለዚህ ላቦራቶሪም በጀትም አያስፈልግም፤ አንድ ስልክና ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ዛሬ ማታ እናትዎን፣ አባትዎን ወይም አክስትዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ያሳዩአቸው። የሚስጥር ቁጥራቸውን ከመጻፋቸው በፊት ያቺን መስመር ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነቡ ከሆነ፣ ከአብዛኛው የሐሰት ሊንክ ድነዋል።