ከመካነ ሰላም ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ተማሪ ስለ ማደሪያ

በቦረና አገር ዜማ ስንማር የማደሪያ ነገር አያሳስበንም ነበር፤ ከየኔታ ደጅ አጠገብ ሁለት ሦስት እየሆንን በእንጨትና በሣር ጎጆ ቀልሰን እናድር ነበር። ኪራይ የሚባለውን የሰማነው ከተማ ከገባን በኋላ ነው።

ዛሬ ግን ከመካነ ሰላም ልጁን ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ወላጅ ከትምህርቱ ይልቅ ማደሪያው ያስጨንቀዋል። ከክፍለ ሀገር መጥቶ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ በግቢው ውስጥ ያድራል፤ በግል ኰሌጅ የሚማረው ግን ብዙውን ጊዜ ቤት ፈላጊ ነው።

የእኅቴ ልጅ በ2015 ዓ.ም. ርካሽ ናት ብሎ ከትምህርት ቤቱ የራቀች ክፍል ያዘ፤ የታክሲውን ዋጋ ግን ከኪራዩ ጋራ አልደመረም። የስድስት ወር ኪራይም በቃል ብቻ ተስማምቶ አስቀድሞ ከፈለ። በአራተኛው ወር፥ ለፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው፥ ባለቤቱ ቤቱን ለዘመዴ እፈልገዋለሁ ብሎ አስወጣው፤ የተረፈውንም ገንዘብ አልመለሰለትም። የሰው ሁሉ ውል በእጄ የሚያልፍ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስሆን ለገዛ ልጄ አንዲት ወረቀት ሳላጽፍለት በመቅረቴ እጅግ አፈርሁ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፥ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ አዝዟል። እንግዲህ የስድስት ወር አምጣ የሚል ባለቤት ከሕግ ውጭ መጠየቁን ልጁ ይወቅ። ክፍሉንም ቀን ብቻ ሳይሆን ማታ ይየው፤ ለንባብ መብራት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድለት፥ ውኃውም በስንት ቀን እንደሚመጣ ሳያፍር ይጠይቅ።

የእኅቴ ልጅ ከዚያ በኋላ ከሁለት የቦረና ልጆች ጋራ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየ። የዚህችን ውል እኔ ራሴ ጻፍሁት።